የበይነ መረብ ጉባኤና የቅጸላ ሥርዓት በወለጋ

በወረርሽኙ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ቀደም ብሎ የተቋረጠው ስልክና ኢንተርኔት ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተመለሰው ወሩ ሊገባደድ ሲል ነው። ሌላው በበይነ መረብ ሲማር የቢላና የአካባቢዋ ወጣት ከጉባኤው ውጭ ቆየ።

መስመሩ ሲመለስስ? ስብከቱ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ጠያቂና አራሚ ግን የለውም። የአብነት ትምህርት ቤታችን እንዲህ አያስተምርም። ተማሪው ቀለሙን ይቀጽላል፣ በቃሉ ያጠናል፣ በማግሥቱም ከመምህሩ ፊት ያሰማል፤ ዜማው ከተሰበረ እዚያው ይታረማል። መምህሩ ለሁሉ ባይደርስ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። (ዛሬ «ግብረ መልስ» እየተባለ እንደ አዲስ ነገር የሚነገረው ይኸው ነው።)

ይህ ሥርዓት በስልክም ሊሠራ ይችላል። ተማሪው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በድምፅ ቀድቶ ይልካል፤ መምህሩ አድምጦ የተሳሳተውን ብቻ መልሶ ያዜምለታል። ድምፅ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ዳታ ስለሚፈልግ ደካማ መስመርም ይሸከመዋል። መስመር ለሚቋረጥባቸው አጥቢያዎች ትምህርቱን በሚሞሪ ካርድ አስቀድሞ ማድረስ፣ ማረሙንም ለአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት መስጠት ይቻላል። አራሚው አፋን ኦሮሞ የሚችል ሊሆን ይገባል፤ በአማርኛ መጠየቅ የሚከብደው ልጅ ሳይገባው ዝም ይላልና።

ከባዱ የመምህሩ ጊዜ ነው። ሃያ ተማሪ በየዕለቱ የሚሰማ መምህር ሌላ መተዳደሪያ ፍለጋ ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ለካሜራና ለመብራት ከሚሰበሰበው ገንዘብ አስቀድሞ የእርሱ ደመወዝ ሊታሰብ ይገባል።