ከወረታ እስከ ቁልቋል በር

ጎንደር በጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እጇን የሰጠች የመጨረሻዋ ትልቅ ምሽግ ነበረች። ከወረታ በስተምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት ነጻ ብትወጣም፣ ከፎገራ ሜዳ ወደ ሰሜን የሚያወጣውን መንገድ ጣሊያኖች የያዙት የቁልቋል በር መተላለፊያ ዘግቶት ቆየ። በሩ የተሰበረው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ኅዳር 18 እጃቸውን ሰጡ።

ይህ እትም የዚያን ዘመቻ ሁለት ትውስታዎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በሜጀር ጄኔራል ቻርልስ ፎውክስ የሚመራው የእንግሊዝ 12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከታንጋኒካ የተመለመሉ ወታደሮች ነበሩት። በእንግሊዝ ጦር ደንብ እያንዳንዱ ሻለቃ የዕለት ውሎውን በሰዓትና በቦታ ከፋፍሎ ይመዘግብ ነበር፤ የጦርነቱ መዝገቦች ለንደን ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። አብረው የተዋጉት አርበኞች ግን ውሏቸውን በአብዛኛው ያኖሩት በፉከራ፣ በቀረርቶና በልጆቻቸው ጆሮ ነው።

የጦር ሜዳውን ዳግም መርገጥ ሁለቱን ያገናኛል። መዝገብ በቁጥር ብቻ የሚያልፈውን ጉብታ የአገሩ ገበሬ በስሙ ይጠራዋል። ክፍለ ጦሩ ቀንና ሰዓቱን ጽፎ አስቀርቷል፤ የቦታውን ስምና እዚያ የወደቀውን ሰው የሚያውቁት አዛውንት ናቸው። ቀድሞ መቀዳት ያለበትም የእነርሱ ቃል ነው።