ፓካሙን ማን ያማስለው?

የበዓል ጣፋጭ በቤት መሠራቱ ቀረ የሚል እሮሮ በየአገሩ አለ። እኔም ከአማራሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ እንዲህ የሚያማርር ወንድ በገጠመኝ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ «ለመሆኑ አንተ ስንት ጊዜ አማስለሃል?» ጥያቄውን የተማርኩት በደቡብ ሕንድ፣ በቪሳካፓትናም ከተማ፣ ተማሪ ሳለሁ ተከራይቼ ከኖርኩበት ቤት ነው።

ጊዜው ጥር 2003 ዓ.ም. ነበር። ገናን ከአገሬ ልጆች ጋር አሳልፈን ጥምቀትን በናፍቆት ስንጠብቅ፣ በመካከሉ የእነርሱ ሳንክራንቲ ደረሰ። አዲሱ ሩዝ ከማሳ የሚገባበት በዓል ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ወይም 15፣ በእኛ ጥር 6 ወይም 7 ይውላል። በዋዜማው ንጋት አሮጌ ዕቃ ተሰብስቦ በእሳት ይቃጠላል። ሴቶች ደጃፉን በነጭ ዱቄት ሐረግ ይስሉበታል። ለቴሉጉ ተናጋሪ ቤት ግን በዓሉ ገባ የሚባለው አሪሰሉ ሲጠበስ ነው።

አሪሰሉን ላየው ሰው ተራ ነገር ነው፤ መዳፍ የምታህል፣ ሰሊጥ የተነሰነሰባት ቡናማ ቂጣ። ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈታተናል። ሩዙ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ይጠነፈፍና ጨርቅ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ይወቀጣል፣ በወንፊትም ይነፋል። ዱቄቱ ከደረቀ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ በቴሉጉ «ቤላም» የሚሉት ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ይቀልጣል። (ከቪሳካፓትናም ብዙም በማይርቀው በአናካፓሌ ዝነኛ የቤላም ገበያ አለ። እኛ «ስኳር» የምንለውም ቃል ሥሩ ሳንስክሪት ነው፤ «ሻርካራ» በዐረብኛው «ሱከር» በኩል አልፎ ደረሰን።) በዚያ ቤት ለ1 ኪሎ ሩዝ 750 ግራም ቤላም ይገባ ነበር።

የቀለጠው ቤላም እየፈላ ወደ «ፓካም» ይለወጣል። እዚህ ላይ ሚዛንም ሰዓትም አይረዳም። ቀዝቃዛ ውሃ ሰሃን ላይ ይቀርባል፤ ከፓካሙ ጠብታ ይጣልበታል፤ ጠብታው በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ድብልብል ከሆነ ደርሷል። ካልደረሰ አሪሰሉው ዘይት ውስጥ ይበተናል፤ ካለፈም ድንጋይ ይሆናል። በደረሰበት ቅጽበት ድስቱ ይወርዳል፤ አንዱ ዱቄቱን ይነሰንሳል፣ ሌላው ያለ ዕረፍት ያማስላል። ሊጡ እየጠነከረ ሲመጣ የጭልፋው እጀታ ክንድን እስከ ትከሻ ይገዘግዛል። ገና ይዳመጣል፣ ይጠበሳል፣ ትኩሱን በሁለት ጠፍጣፋ ጭልፋዎች መካከል ተጨምቆ ዘይቱ ይንጠፈጠፋል።

በዚያ ዓመት የቤቱ እመቤት አንጓቸውን ታመሙ። እኔ «አማጋሩ» እላቸዋለሁ፤ «ጋሩ» የአክብሮት ቅጥያ ነው፣ የእኛን «እትዬ» ያህል ይመዝናል። እሳቸው ደግሞ «ባቡ» ይሉኛል። ባንክ የምትሠራው ምራታቸው፣ «ዘንድሮስ ከሱቅ እንግዛ» አለች። ይህን ጊዜ ልጃቸው ከበረንዳው፣ ጋዜጣውን ሳያጥፍ፣ ስለ ባህል ረጅም ንግግር አደረገ። የሱቅ አሪሰሉ ነፍስ የለውም፤ የእናቴ እጅ የነካው ብቻ ነው በዓል የሚሆነኝ፤ እኛ ካልጠበቅነው ማን ይጠብቀዋል፤ ወዘተ። ንግግሩ ያማረ ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ በልቤ አጨበጨብኩለት። ምራቲቱ መልስ አልሰጠችም። መነጽሯን አውልቃ በሳሪዋ ጫፍ እየወለወለች ብዙ ቆየች።

አማጋሩ ወደ እኔ ዞሩና «ባቡ፣ ክንድህ ጤነኛ ነው?» አሉኝ።

ባዕድ ሰው ማድ ቤት የማይገባባቸው ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን እንዲያ አልነበሩም። ያደግሁበት ቤት ግን ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ «ምን ረሳህ?» የሚባልበት ነበር። አባቴ በጉን አርዶ እጁን ይታጠብና እስኪቀርብለት ይጠብቃል፤ እኔም አጠባበቁን ወረስኩ። እናም የመጀመሪያውን ጭልፋ የያዝኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በሰው አገር ነው። ምራቲቱ ዱቄቱን ነሰነሰች፣ እኔ አማሰልኩ፣ አማጋሩ የታመመ እጃቸውን ታቅፈው «ቶሎ፣ ቶሎ፣ አትቁም» እያሉ አዘዙ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ይህንን ሴትየዋ አርባ ዓመት ያህል እንዳደረጉት ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። የልጁንም ንግግር እንደ ገና ሰማሁት፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ይል ነበር።

የሚገርመው፣ የዚያ አገር ተረክ ራሱ በልጁ ላይ ይመሰክራል። ቴሉጉዎች ምግብ እጅግ ሲጣፍጣቸው «የናላና የቢማ ፓካም» ይላሉ። ናላም ቢማም የማሃባራታ ጀግኖች ናቸው፤ ቢማ በስደቱ ዘመን በንጉሥ ቪራታ ቤት ወጥ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሁለቱም ወንዶች! በየሠርጉ ትልልቁን ድስት የሚያወርዱትም በአብዛኛው ወንድ ሙያተኞች ናቸው። ማይሶር ፓክ የተባለውን የሽምብራ ዱቄትና የቅቤ ጣፋጭ የፈጠረውም በማይሱሩ ቤተ መንግሥት የነበረ ወንድ ወጥ ቤት እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ ጭልፋ የሚከብደው ደመወዝና ዝና በሌለበት ማድ ቤት ብቻ ነው ማለት ነው።

ከሱቅ መግዛትን አልነቅፍም። «ስዋግሩሃ» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ የጣፋጭ መደብሮች በዚያ አገር ብዙ ናቸው፤ ትርጉሙ «የገዛ ቤት» ነው፤ ያለ ቤት የተሠራውን የቤት ብሎ መሸጥ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ፑታሬኩሉን የመሰለ ነገር ማን በቤቱ ይሞክራል? የአትሬያፑራም መንደር ሴቶች ክብ ማሰሮ ገልብጠው፣ ከሥሩ እሳት አንድደው፣ በቀጭን የሩዝ ሊጥ የተነከረ ጨርቅ አንዴ ያሳልፉበታል፤ ወረቀት የመሰለ እንጀራ ወዲያው ተላቆ ይነሣል። በውስጡ ቅቤና ስኳር ይጠቀለልበታል። በ2015 ዓ.ም. በመልክዓ ምድራዊ መለያ ስሙ ለመንደሩ ተመዘገበለት። ያንን መግዛት ለባለሙያ እጅ ዋጋ መክፈል ነው። የማልቀበለው፣ ሳይከፍል የሚበላው ሰው ስለ ነፍሱ ሲሰብክ ነው።

አሪሰሉ ግን በቤት ቢሠራ እወዳለሁ፤ ሦስት ሰው ይፈልጋልና። አንዱ ይነሰንሳል፣ አንዱ ያማስላል፣ አንዱ ይቆጣል።

ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ላይ ሞከርኩት። ቤላም ስላጣሁ በቡናማ ስኳር ተካሁት፤ የወፍጮ ቤቱም ሰው እርጥብ ሩዝ አልፈጭም ብሎ ስለመለሰኝ በሙቀጫ ወቀጥኩ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ዘይት ውስጥ ተበተኑ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አይታ አይታ፣ «ምን ረሳህ?» አለችኝ። ስልክ አንሥቼ ቪሳካፓትናም ደወልኩ። ምራቲቱ አነሣች። አማጋሩ ካረፉ ቆይተዋል። «ፓካሙን ቶሎ አውርደኸዋል» አለችኝ፤ ከኋላዋ ጭልፋ ብረት ሲመታ ይሰማል። ማን እያማሰለ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀችና ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋችው፤ አንድ ወንድ እያለከለከ በቴሉጉ ሲያጉረመርም ሰማሁ።

የቀረውን ስኳር መልሼ ጣድኩ። ባለቤቴ ቀዝቃዛ ውሃ በሰሃን አቀረበች።