ለዲግሪ ያልሆነ ጉዞ

ተመርቆ ውጭ አገር እሄዳለሁ ያለ ልጅ “ስኮላርሺፕ ነው ወይስ ሥራ?” ይባላል። ሁለቱም ካልሆነ ሥራ ፈት ነው። እኔ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ተጫውቼ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ኢስታንቡል ስሄድ እናቴ ለጎረቤት “ለትምህርት ነው” አለች። አልፈርድባትም።

ከአገር ያስወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ክራር ተጫዋች በጆሮው የቃኘው የአንቺሆዬ ቅኝት ከኪቦርዴ ጋር አይገጥምም፤ እንዴት ይግጠም? ኪቦርዱ አንዱን ኦክታቭ 12 ቦታ እኩል ከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ገላታ ግንብ አጠገብ ባሉት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ለቱርክና ለዓረብ ዘፈን የተሠራ ኮርግ የተባለ የጃፓን ኪቦርድ አየሁ። ከላዩ 12 ትንንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አንዱን ሲጫኑት ያ ድምፅ ብቻ ሩብ ቶን ይወርዳል። ባለሱቁ ዜማውን ሳያቋርጥ ጫን፣ ለቀቅ ያደርገዋል። ምንም ሳልገዛ ስመላለስ ሻይ እየቀዳ ያስተምረኝ ነበር። የጃፓኑ ኩባንያ ለቱርኮችና ለዓረቦች ጆሮ ሰጥቷል። ለእኛ ቅኝት ማን ጠየቀ?

ለሙዚቃ ጥያቄ ብሎ እንዲህ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ፍለጋ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ድረስ ይኳትን ነበር። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ብሪታንያ የሄደው ለኢንጂነሪንግ ነው፤ ለንደን ሙዚቃ ተምሮ ቦስተን በርክሊ ገባ፣ ከዓመታት በኋላም ሃርቫርድ ሆኖ ክራርን ስለማዘመን ሠራ። ሌላው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር እና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ የውጭ አድማጭ አገኘ።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚደግፍ ዋትሰን ፌሎሺፕ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎችን የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው አንድ ዓመት ከአገር ውጭ እንዲዞሩ ይልካል። ዲግሪ ይዛችሁ ኑ አይልም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ሁለት ልጅ እንኳ ቢልኩ ምን ይጎድልባቸዋል? ምንዛሪ የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ለአምስት ቀን ወርክሾፕ አለቆች ሲሄዱ ግን አበሉ በዶላር ይገኛል። ከዚያው ላይ ይቀነስ፤ ልጁም ሲመለስ አንድ ሴሚስተር ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ያየውን ያሳይ።