የውሃው ቧንቧስ በየት በኩል ሄደ?

እንደሚታወቀው ክረምት ሊገባ ሲል በየሰፈሩ ቁፋሮ ይበዛል። ጎርፉ ግቢ ሳይገባ ተብሎ ነዋሪው ገንዘብ ያዋጣል፤ ቦይ ይቆፈራል፤ የፍሳሽ ቱቦ ይቀበራል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ችግሩ ቦዩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ መኖሩ ነው። ያን ጊዜ ቧንቧው ይቆረጥና "ትንሽ ጠጋ" ይደረጋል። ወዴት ጠጋ እንዳለ ግን የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ክረምት በእኛ ሰፈር የሆነውም ይሄው ነው። የአራት ቤት ቧንቧ ለቦዩ ሲባል ከቦታው ተነሳና የቀን ሠራተኞቹ በፕላስቲክ ቀጥለው እዚያው ቦዩ ውስጥ አስተኙት። "ምነው እዚህ?" ብዬ ብጠይቅ አንድ ጎረቤታችን "ልጄ፣ ውሃው እስከመጣ ድረስ ምን ችግር አለው?" አሉኝ።

እኔ ግን ችግር አለው ባይ ነኝ። ቧንቧው ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ መገጣጠሚያው ቢላላ እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ፍሳሹ ወደ ውስጥ አይገባም። የእኛ ሰፈር ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ሲጠፋ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ በዚያችው ቀዳዳ ሊሳብ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ያንን ይዞ ጀሪካናችን ውስጥ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ አተት ገብቶ "ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ" ስንባል የከረምን ሰዎች ይህን መርሳት የለብንም።

እስቲ ነገሩን ከጋዝ ጋር እናነጻጽረው። እኛ ቤት ጋዝ የሚገባው በሲሊንደር ነው። እንግሊዝ አገር ግን በብዙ ቤት ልክ እንደ ውሃ በቧንቧ ይመጣል። እዚያ ለፍሳሽ ሥራ ሲባል የጋዙ ቧንቧ መነሳት ካለበት ቆፋሪው አይነካውም፤ ተከፍሎት ይህን የሚሠራ ሰው በሕግ የተመዘገበ ባለሙያ መሆን አለበት። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ ያፈተለከ ጋዝ ፈንድቶ በአንድ ትምህርት ቤት ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ቴክሳስ ሽታ እንዲጨመርበት በሕግ ያዘዘችው። ጋዝ እንግዲህ ሲያፈተልክ ይሸታል፤ የተበከለ ውሃ ግን ጥርት ብሎ ሊቀዳ ይችላል። ታዲያ ለሚሸተው ያን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ ለማይሸተው እኛ ስለምን እንዘናጋለን?

"ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት ዝናቡ ይቀድመናል" የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ቢሆንም መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚሠራበት መመሪያ የውሃና የፍሳሽ መስመር ጎን ለጎን ሲሄዱ 3 ሜትር ያህል ይራራቁ ይላል፤ መሻገር ግድ ከሆነም በመሃላቸው 45 ሳንቲሜትር ያህል ይኑር ይላል። በእኛ ጠባብ ቅያስ 3 ሜትር ከየት ይመጣል? አይመጣም። ነገር ግን ውሃውን ከላይ፣ ፍሳሹን ከታች ማድረግ ይቻላል። ቦዩን የሚሻገረውን ቧንቧ በሰፋ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ፣ መገጣጠሚያውንም ከቦዩ ማራቅ ይቻላል። አፈር ከመመለሱ በፊት በሞባይል ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥስ ምን ያስወጣል? የሚቀጥለው ቆፋሪ ቢያንስ የት እንዳለ ያውቃል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ድርሻ አለን። የፍሳሽ መስመር ተመረቀ የሚል ዜና ስንሠራ ስንት ሜትር እንደሆነና ስንት ብር እንደፈጀ እንጽፋለን፤ ሪባን የቆረጠውንም አንረሳም። አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ እዚያ ቦታ የነበረው የውሃ ቧንቧ አሁን በየት በኩል ሄደ? መልስ የሚሰጥ ሰው ከጠፋ ዜናው እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።