ጀልባውን ተዉት፣ በሩን ቅረጹት

እኛ ሲኒማ ቤት የለመድነው ስደተኛ ያስቃል። ከቦሌ ሻንጣ እየገፋ ይወጣል፣ አማርኛውን ይሰባብራል፣ ሚስት ፈልጎ ይመለሳል። ስቀን እንወጣለን።

ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስትሄዱ ግን አጠገባችሁ የተቀመጠች እናት የምታውቀው ስደተኛ ሌላ ነው። በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳውዲ ሊገባ የወጣ ልጇ ነው። ከደወለ ትስቃለች። ካልደወለ ስልኳን ከመቀነቷ እያወጣች ታያለች፣ መልሳ ትከታለች። ለዚህች ሴት ፊልም አልሠራንላትም።

ቅርቡ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ እናቱ መንደር ይመለሳል። ቁጭ ይላል፤ ይቃዣል፤ ዝም ይላል። እናቱ ዓመታት የጠበቀችው ልጅ መጥቶም አልመጣላትም። ግን አንበርብር የተማረው ትውልድ ስደተኛ ነው። የቤት ሠራተኛዋና የፍየል እረኛው እስካሁን ተራ አልደረሳቸውም።

«እንዲህ ያለ ፊልም ይጎትታል፤ ሐዘኑን ቤቱ የጠገበ ሰው ደግሞ ከፍሎ አያይም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነት አላቸው፣ ይጎትታል። መጠበቅስ አይጎትትም? ወሎ ሐዘን ያውቃል። ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። ባሕር የበላውን ልጅ ግን ቅሬው ምኑን ይቅበር? መርዶ ካልመጣ ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው፤ አለመቀመጥም ያንገበግባል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ገብቶ የሚናገረው ይጠፋዋል። ይህን በሳቅና በሩጫ ፊልም ማሳየት አይቻልም። ዝግ ያለ፣ ዝምታን የማይፈራ ፊልም ይፈልጋል።

በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ዜናው ቁጥሩን ነገረን። የተመለሰችው ልጅ የመጀመሪያዋን ሌሊት እናቷ ቤት እንዴት እንዳደረች ግን ዜና አይነግረንም። ያ የፊልም ሥራ ነው።

እና ወልዲያ፣ መርሳ፣ ሐብሩ ውስጥ ካሜራ የያዛችሁ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጀልባውን ተዉት። ለሱ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የውጭ ቴሌቪዥኖችም ደጋግመው አሳይተውታል። አንድ ቤት ግቡና በሩን ቅረጹት፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር እናትየዋ ቀና ብላ የምታየውን በር። ፊልሙ ከጎተተ ይጎትት። እሷ ስንት ዓመቷ ነው እያየችው።