«ስንት ከመቶ ደረሰ?» ብቻ አይበቃም

የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም፣ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። እናቴ ዳንግላ ውስጥ መምህርት ናት። እንደ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዟን እየተቆረጠባት ቦንድ ገዛች። ከዚያ ወዲህ ዜና በተከፈተ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ከመቶ ደረሰ?» ዜናውም ይመልስላታል። ቁጥሩ በየዓመቱ ከፍ ይላል። በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል የተባለው ግድብ ግን የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው።

ለምን ዘገየ? የገንዘቡም የግብፅም ጉዳይ አለ፤ አልክድም። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የሥራው አከፋፈል ነው። የሲቪል ሥራውን የያዘው በጣና በለስ የምናውቀው የኢጣሊያው ሳሊኒ ነበር። የተርባይኑና የብረታ ብረቱ ሥራ በ2002 ዓ.ም ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። የአገር ድርጅት ይማር መባሉ ክፋት የለውም። ግን መማሪያው የአገሪቱ ትልቁ ግድብ መሆን ነበረበት እንዴ?

ግድብ ላይ ብረቱና ኮንክሪቱ ተነጣጥለው አይሄዱም። ውኃውን ወደ ተርባይን የሚያወርደው የብረት ቱቦ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር ስለሆነ፣ እሱ ሳይገጠም በዚያ በኩል ኮንክሪት አይሞላም። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱን ደምሮ «ይህን ያህል ከመቶ» የሚል ዜና ደግሞ የትኛው እንደቆመ አይነግርህም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በነሐሴ 2010 ዓ.ም የሜቴክ ውል መቋረጡን ሲናገሩ አንድም ተርባይን ኃይል አላመነጨም ነበር። ሥራው በቀጥታ ለውጭ ኩባንያዎች ተሰጥቶ የመጀመሪያው ተርባይን የሠራው በየካቲት 2014 ዓ.ም ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ ዞናችን፣ ጃዊ ያለው የጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክትም በዚሁ ድርጅት እጅ ዓመታት ከተንከባለለ በኋላ ነው ለሌላ ተቋራጭ የተላለፈው። ስንቶቻችን ነን ይህን የዘገብነው?

ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ መልመጃ ላይ የአንድ መንገድ ሥራ ሪፖርት ተሰጥቶን ነበር። ሁላችንም መሪ ዐረፍተ ነገሩን በፐርሰንት ጀመርን። ሥራው ለስንት ተቋራጭ እንደተከፈለ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ለነገሩ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ።