ፈረንሳይኛ የንብን ስም ከማን ተበደረ?

ፈረንሳይኛ ንብን «አቤይ» ይላታል። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፤ ይሁን እንጂ ከሮም ወደ ፓሪስ በቀጥታ አልደረሰም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደቡቡ ሕዝብ ልሳን፣ ከኦክሲታንኛ፣ የተወሰደ ብድር ነው። ይህ ልሳን የፈረንሳይ መንግሥት በኋላ «ፓትዋ»፣ ማለትም የባላገር ልቅምቃሚ ንግግር፣ እያለ ያንቋሸሸው ነው።

ለብድሩ የምትመሰክረው በቃሉ መካከል ያለችው «ብ» ናት። በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረችው የላቲን «ፕ» በሰሜን ፈረንሳይ ወደ «ቭ»፣ በደቡብ ግን ወደ «ብ» ተለውጣለች። የወንዝ ዳር ማለት የሆነው «ሪፓ» በሰሜን «ሪቭ»፣ በደቡብ «ሪባ» ተባለ። እንግዲህ «አፒኩላ»፣ ማለትም «ትንሽ ንብ»፣ በሰሜኑ አፍ ቢያድግ ኖሮ «አቬይ» በሆነ ነበር፤ በአንዳንድ የሰሜን አነጋገሮችም ይኸው መልክ ነበረ። «ብ» ያለባት ግን የደቡብ ልጅ ናት።

ሰሜኑ የራሱ ስም አጥቶ አልነበረም። የንብ ጥንታዊ የላቲን ስም «አፒስ» ነው። ጣልያንኛ ይህንኑ ይዞ «አፔ» ይላል። ስፓኝኛና ፖርቱጋልኛ «አፒኩላ»ን መርጠው «አቤኻ» እና «አቤልያ» አሉ። ሮማንያኛ ደግሞ ንቧን በቤቷ ጠራት፤ «አልቢና» ከቀፎ ስም የወጣ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ ግን «አፒስ» እየተሸረሸረ «ኤፍ»፣ ኋላም «ኤ» ብቻ ሆነ። (ለአማርኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግዕዙ «ንህብ» በትግርኛ «ንህቢ» ሆኖ ሲቆይ፣ በአማርኛ «ህ» ወድቃ «ንብ» ቀርቷል።)

ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ዡል ዢሊዬሮን ይህን ታሪክ ከገበሬ አንደበት ለማግኘት ፈለገ። ኤድሞን ኤድሞን የተባለ፣ ስሙም እንደዚሁ ድርብ የሆነ፣ የቀድሞ ባለሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1901 በፈረንሳይኛና በኦክሲታንኛ ምድር ከ600 በላይ መንደሮችን እየዞረ የየአካባቢውን ቃል በጆሮው እየሰማ መዘገበለት። ከዚህ መዝገብ የቋንቋ ካርታ ተሠራ። ዢሊዬሮን በ1918 ስለ ንብ ስሞች ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። እንደ እርሱ አተያይ «ኤ» እጅግ ከማጠሩ የተነሣ ከሌሎች ቃላት ጋር ተምታታ፤ ተናጋሪዎችም መድኃኒት ፈለጉ። አንዱ «የማር ዝንብ» አለ፤ ሌላው ቅጥያ ጨምሮ «አቬት» አለ፤ ፓሪስ ግን ከደቡብ ተበደረች።

ማጠር ብቻውን አንድን ቃል ይገድላል ማለት ግን አያስኬድም። የላቲኑ «አኳ»፣ ውሃ፣ በፈረንሳይኛ «ኦ» ብቻ ሆኖ እስከ ዛሬ በደኅና ይኖራል። ዢሊዬሮን በዚህ ነጥብ ከልክ በላይ ሄዷል ቢባል ሐሰት አይሆንም። የብድሩን እውነትነት ግን ይህ አይነካውም።

ብድሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ ያልተበደረ ልሳን የለም። የሚያስተዛዝበው ከብድሩ በኋላ የሆነው ነው። በ1794 አቡነ ነፍስ ግሬጓር ለአብዮቱ ሸንጎ ባቀረቡት ሪፖርት ቢያንስ 6 ሚሊዮን ፈረንሳውያን ብሔራዊውን ቋንቋ እንደማያውቁ ገልጸው፣ «ፓትዋ» እንዲጠፋ ጠየቁ። ከአሥር ዓመት በኋላ ናፖሊዮን ንብን የዘውዱ ምልክት አደረጋት፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዓርማ በደቡቡ ቃል ተጠራ ማለት ነው።

የአንድ ቋንቋ ፖለቲካ ጠበቆች ያለ ጋራ መግባቢያ የጋራ ሪፐብሊክ አይቆምም ይሉ ነበር። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ፈረንሳይኛን ማስተማርና ሌላውን ልሳን የተበላሸ ፈረንሳይኛ ብሎ መስደብ ለየቅል ናቸው። ስድቡን ንቧ ራሷ ታፈርሰዋለች፤ እዚህ ላይ ቅጂው የፓሪሱ ቃል ነው፤ ምንጩ «ፓትዋ» የተባለው ነው።

በ1882 ትምህርት ግዴታ ከሆነ በኋላ በብዙ የደቡብ ትምህርት ቤቶች በቤቱ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ የውርደት ምልክት ይሸከም ነበር። ልጁ «አቤልያ» ቢል ጥፋት ነበር፤ በሰሌዳው ላይ «አቤይ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ትምህርት ነበር። ኦክሲታንኛ በሕግ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የገባው በ1951 ነው፤ ያውም በፈቃደኝነት።